የሚተኮስ ልብስ እንዴት ይቀነሳል? ከሳፋው እስከ መስቀያው

እሑድ ማታ የብዙ ቤት ጭንቀት አንድ ዓይነት ነው። የልጆች ዩኒፎርም፣ የአባት ሸሚዝ፣ የእናት ጉርድ ቀሚስ ወንበር ላይ ተቆልሎ ካውያ ይጠብቃል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ነገሩ ወደ ሰኞ ጠዋት ጥድፊያ ይሻገራል። ስድስት ሰው ባለበት፣ ሦስቱ ተማሪዎች በሆኑበት ቤት በሳምንት 30 የሚሆን የሚተኮስ ልብስ አይጠፋም። ለአንዱ 5 ደቂቃ ብቻ ብንይዝለት ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ቁጥሩን ወደ 10 ገደማ ሊያወርደው ይችላል፤ ከነዚያም ግማሾቹ ኮሌታና እጅጌ ብቻ የሚነኩ ይሆናሉ።

መጀመሪያ ልብስ ለምን እንደሚጨማደድ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ከገባን ሌላው ሁሉ ይቀላል። ጥጥ ውኃ ሲጠጣ ክሩ ይለሰልሳል፤ ሲደርቅ በደረቀበት ቅርጽ ይጸናል። ተጠማዝዞ ከደረቀ እንደተጠማዘዘ፣ ተዘርግቶ ከደረቀ እንደተዘረጋ ይቀራል። ካውያም ቢሆን የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በእርጥበትና በሙቀት ያለሰልሰዋል፣ ዘርግቶ ያደርቀዋል። ስለዚህ እርጥቡን ልብስ ገና ከሳፋ ሲወጣ በእጁ የዘረጋ ሰው አብዛኛውን ሥራ ጨርሷል። ፖሊስተር ጠባዩ ይለያል፤ ውኃ አያለሰልሰውም፣ ሙቀት ግን ያለሰልሰዋል። በሙቅ ውኃ ታጥቦ በትኩስነቱ ከተጠመዘዘ፣ ሲቀዘቅዝ ጭምድዱን ይዞ ይቀራል።

ምን ይተኮሳል፣ ምን ይተዋል?

ፎጣ፣ ካልሲ፣ የውስጥ ልብስ፣ ፒጃማ፣ ሹራብ፣ ጅንስ፣ የቤት ቲሸርትና የስፖርት ልብስ ካውያ አያስፈልጋቸውም። አንሶላና የትራስ ልብስም በሚገባ ከተሰጡ እንደዚያው ናቸው። ጋቢ ተራግፎ መታጠፍ ይበቃዋል። ከመንዝ የበግ ፀጉር የሚሠሩት ባና፣ ዝተትና በርኖስ ደግሞ ካውያም ሙቅ ውኃም አይነካቸውም፤ ፀጉሩ ይኮማተርና ልብሱ ይጠብባል። እነሱን ፀሐይና ነፋስ ማስነካት ነው።

አንሶላና የውስጥ ልብስ የሚተኩሱ እናቶች ግን ያለ ምክንያት አያደርጉትም። በደጋው ብርድ ልብስ ተደራርቦ ስለሚለበስ የልብስ ቅማል በስፌት መስመር ውስጥ ቅጫሙን ይጥላል፤ ካውያን በስፌቱ ላይ ማስኬድ የቆየና ትክክለኛ መላ ነው። ይሁንና ለዚህ የግድ ካውያ አያስፈልግም። ቅማልና ቅጫም ሙቀቱ 54 ዲግሪ ሲደርስ በደቂቃዎች ይሞታሉ። ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ለዚህ ግን ከበቂ በላይ ነው። የጥጡን ልብስ ከእሳት በወረደ ውኃ ለ15 ደቂቃ ዘፍዝፎ መክደን ከመተኮስ ይልቅ ስፌቱን ሁሉ ያዳርሳል። ሙቅ ውኃ የማይችለውን ሹራብ በላስቲክ ከረጢት አጥብቆ አስሮ ለሁለት ሳምንት ማስቀመጥ ነው፤ ቅማሉ ደም ካላገኘ ያን ያህል አይቆይም።

እንግዲህ ለካውያ የሚቀረው የዩኒፎርም ሸሚዝ፣ የሥራ ሸሚዝ፣ የጨርቅ ሱሪ፣ ፕሊሴ ጉርድና የሐበሻ ልብስ ነው። ከዚህ በኋላ የምናወራው በአብዛኛው ስለነዚህ ነው።

በሳፋው ውስጥ

የሚተኮሱትን ከፎጣና ከጅንስ ለይታችሁ እጠቡ። ከባድ ልብስ ከቀላሉ ጋር ሲዘፈዘፍ ቀላሉን ይጫነዋል፤ ሸሚዙ ከሥር ተጠቅልሎ ለሰዓታት ይቀመጣል። 20 ሊትር በሚይዝ ሳፋ ውስጥ ከአራት ወይም ከአምስት ሸሚዝ በላይ አትክተቱ። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ እጅ ከገባበት በኋላ ሙቀቱ የሚያስደስት እንጂ የሚያቃጥል መሆን የለበትም። ዝፍዘፋው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። ሌሊቱን ሙሉ የተዘፈዘፈ ሸሚዝ ታጥፎ የተኛበት መስመር ጠዋት ላይ ይታያል።

የዱቄት ሳሙና ሲበዛ ልብስ ይነጣል የሚል እምነት አለ፤ ከመጠን ያለፈው ግን በክሩ ውስጥ ይቀርና ልብሱን ያደርቀዋል፣ ካውያ ሲያርፍበትም ቡና ዓይነት ጠባሳ ያወጣል። ለ10 ሊትር ውኃ ከሁለት እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ማለቅለቁ ሁለት ጊዜ፣ ነጭ ከሆነ ሦስት ጊዜ ይሁን። በመጨረሻው 10 ሊትር ውኃ ላይ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ነጭ አቼቶ ቢጨመር የቀረውን ሳሙና ያወጣዋል፤ ጨርቁም ይለሰልሳል፣ ሽታውም ሲደርቅ ይጠፋል። አቼቶና በረኪና ግን በፍጹም አይቀላቀሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። በረኪና የነካውን ልብስ በሚገባ ሳታለቀልቁ አቼቶ ውስጥ አታስገቡ።

በመታጠቢያ ማሽን ለሚያጥብ ደግሞ፣ ከበሮው በሦስት አራተኛ ብቻ ይሞላ። ለሸሚዝ መጭመቂያው ፍጥነት 600 ወይም 800 ላይ ይሁን፤ በ1200 የተጨመቀ ሸሚዝ በከበሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው የሚወጣው። ማሽኑ ካቆመ በ15 ደቂቃ ውስጥ አውጡት። መብራት መሐል ላይ ከጠፋም እስኪመጣ አትጠብቁ፣ የሚከፈት ከሆነ ክፈቱና በእጅ ጨርሱት። መጭመቂያው ለብቻ የሆነ ማሽን ካላችሁ ለሸሚዝ ከአንድ ደቂቃ በላይ አታዙሩት።

መጭመቅ፦ ብዙው ጉዳት የሚደርስበት ቦታ

ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ ልብሱን እንደ ገመድ መጠምዘዝ ለጋቢና ለብርድ ልብስ ይሆናል። ለሸሚዝ ግን ጠላቱ ነው። እያንዳንዱ ጥምዝ በእርጥቡ ክር ላይ ሰያፍ መስመር ያሰምራል፤ የኮሌታው ማጠንከሪያም ከላዩ ጨርቅ ይላቀቅና አረፋ ያወጣል። ያንን አረፋ ካውያ አይመልሰውም።

በምትኩ ሸሚዙን በሳፋው ጠርዝ ላይ አጥፋችሁ በሁለት መዳፍ ወደ ታች ግፉት። ውኃው ይወርዳል፣ ጨርቁ አይዞርም። ነፋስና ፀሐይ ባለበት በበጋ ቀን ከዚያ በላይ አትልፉ፤ እየተንጠባጠበ ስቀሉት። በጨርቁ ውስጥ የቀረው ውኃ በክብደቱ ወደ ታች እየጎተተ ጭምድዱን ያወጣዋል። ከሁሉም ዘዴ ብዙ የሚሠራውና ድካም የሌለው ይሄ ነው። የሚጠይቀው ትንሽ የሚረዝም የመድረቂያ ጊዜና ውኃው የሚንጠባጠብበት ቦታ ብቻ ነው።

ዝናብ ካሰጋ ወይም ቤት ውስጥ የሚሰጣ ከሆነ፣ ደረቅ ፎጣ ዘርግታችሁ ሸሚዙን በላዩ አስተኙ፤ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሉና በጉልበት ተጫኑት። ፎጣው ውኃውን ይጠጣዋል። አንድ ትልቅ ፎጣ ለሦስት ሸሚዝ ይበቃል።

ማስጣት

አንድ የተማሪ ነጭ ሸሚዝ እንያዝ። በተራ ከሄዳችሁ ጠቅላላው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

1. በትከሻው ያዙና ሦስት አራት ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ አራግፉት። የማራገፉ ድምፅ እንደ ጅራፍ ጧ ካለ ጨርቁ ተዘርግቷል ማለት ነው።

2. ትከሻው ሰፋ ባለ መስቀያ ላይ አድርጉት። የሽቦ መስቀያ ከሆነ ዝገቱ እንዳያበላሽ ሽቦውን በላስቲክ ወይም በነጭ ጨርቅ ጠቅልሉት። የትከሻው ስፌት በመስቀያው ጫፍ ላይ ልክ ይረፍ።

3. የላዩን ቁልፍና ከላይ ሦስተኛውን ቆልፉ። ኮሌታውን አንሱና በሁለት እጅ ጫፍና ጫፉን ያዙ፣ ሳብ አድርጉ፣ መልሳችሁ አጥፉት፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል እየጨመቃችሁ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሂዱ።

4. ቁልፉ የተሰፋበትንና ቁልፍ ማስገቢያው ያለበትን መስመር ከላይና ከታች ይዛችሁ ወጥሩ። ይህ መስመር ድርብ ጨርቅ ስለሆነ ከሁሉም ይልቅ የሚኮማተረው እሱ ነው።

5. የጎኑን ስፌትና የእጅጌውን ስፌት እንዲሁ ሳብ አድርጉ። የኪሱን ጫፍ በመዳፍ አስተኙ። የእጅጌውን ጫፍ ቁልፍ ቆልፉ።

በነፋስ ቀን መስቀያዎቹ በገመዱ ላይ እየተንሸራተቱ አንድ ቦታ ይከማቻሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን መስቀያ በመቆንጠጫ ከገመዱ ጋር ያዙት፤ በመሐላቸውም አንድ ስንዝር ተዉ። ገመዱ የረገበ ከሆነ ልብሱ ሁሉ ወደ መሐል ይወርድና ይተሻሻል፣ በየወሩ አጥብቁት።

የጨርቅ ሱሪ በእግሩ በኩል ይሰቀላል። አራቱን ስፌቶች ሁለት ሁለት አገጣጥማችሁ የታችኛውን ጠርዝ በመቆንጠጫ ያዙ፣ ወገቡ ወደ ታች ይንጠልጠል። ቀበቶ ማስገቢያውና ኪሱ ከባድ ስለሆኑ እግሩን እየጎተቱ መስመሩን ያወጡታል። ቲሸርት ግን በትከሻው አይቆነጠጥም፤ የመቆንጠጫው ጥርስ ሁለት ጉብታ ያወጣበታል። በብብቱ መስመር ገመዱ ላይ አጥፋችሁ ከብብቱ በኩል ያዙት። አንሶላን ለሁለት አጥፋችሁ ጠርዙን በአራት መቆንጠጫ ወጥሩ፤ ለመታጠፍ ትንሽ እርጥበት ሲቀረው ከገመዱ ሳይወርድ በሁለት ሰው ተስቦ ይታጠፍ። በካብ ወይም በአጥር ላይ ማስጣት ለጋቢና ለፎጣ ይሆናል፤ ሸሚዝ ግን የድንጋዩን ቅርጽ ይዞ ይነሣል።

ደጋ፣ ቆላና ክረምት

አንድ ዞን፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ብንሆንም አየሩ አንድ አይደለም። ሸዋ ሮቢት ላይ ሸሚዝ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደርቃል፤ እዚያ ችግሩ ከመጠን በላይ መድረቅ ነው። ክው ብሎ የደረቀ ጥጥ እንደ ሰሌን ይገተራል፣ ጭምድዱም ይጸናል። ጥላ ውስጥ አስጡ፣ ባይሆን ቀለሙ እንዳይለቅ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጡና ቶሎ አንሱ። ጣርማበርና ደብረ ሲና ላይ ጉም ሲወርድ የደረቀው እንደገና ይረጥባል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ሳይሞላ መሰብሰብ ይሻላል።

ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳና አንኮበር ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጩ ያስቸግራል። ሌሊት ውጭ ያደረ እርጥብ ልብስ በረዶ ይሆናል። እንደዚያ ያገኛችሁት እንደሆነ አታጥፉት፣ አትጎትቱትም፤ እንደተሰቀለ ቤት አስገቡና ሲለቀው እንደገና አራግፉት። በነዚህ ወራት ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ የተሰጣ ልብስ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ደርቆ ይገባል። እሑድና በየወሩ በሚከበሩት በዓላት ልብስ የማይታጠብበት ቤት ብዙ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ በዓል የሚገጥምበት ጊዜ አለ። የዩኒፎርም እጥበት ቀን ሐሙስ ወይም ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ቅዳሜና እሑድ ከልብስ ነፃ ይሆናሉ። ይህ አቀያየር ብቻውን የእሑድ ማታውን ጥድፊያ ግማሽ ያቃልላል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ትምህርት ስለሚዘጋ ዩኒፎርሙ አይበዛም፣ የሥራ ሸሚዝ ግን አይቀርም። ቤት ውስጥ ስትሰጡ በመስኮት አጠገብ፣ በመስቀያ መሐል አንድ ክንድ ለቃችሁ ስቀሉ። ከምድጃ በላይ አትስቀሉ፤ ጭሱ ይገባበታል። ልብስ ለማድረቅ ብሎ የተቀጣጠለ ከሰል ዘግቶ መተው ደግሞ ሕይወት የሚያጠፋ ነገር ነው፤ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም።

ከገመድ ሲወርድ

በጥንቃቄ የታጠበ ልብስ እዚህ ላይ ነው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው። ዝናብ መጣ ተብሎ በክንድ ታቅፎ ሳፋ ውስጥ ይጣላል፣ ሳፋው ሶፋ ላይ ይቀመጣል፣ ማታ እስኪታጠፍ በራሱ ክብደትና በፀሐዩ ሙቀት ይጨማደዳል። ሸሚዙን ከነመስቀያው አውርዳችሁ ከነመስቀያው ቁምሳጥን አስገቡት። ቁምሳጥን ከሌለ ከበር ጀርባ ሁለት ሚስማር መትቶ ዘንግ ማጋደም ይበቃል። ሌላውን ገመዱ ሥር ቆማችሁ እያጠፋችሁ አውርዱ። ልጆችም ከትምህርት ቤት ሲገቡ ዩኒፎርማቸውን ቀይረው በየመስቀያው ይስቀሉ፤ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ይችላል። ተሰቅሎ ያደረ ሸሚዝ ካልቆሸሸ ሁለት ቀን ይለበሳል።

ፕሊሴ፣ ሱሪና የሐበሻ ልብስ

የሴት ልጆች ፕሊሴ ጉርድ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላ ነው፤ እጥፎቹ አንድ በአንድ ሲተኮሱ 15 ደቂቃ ይሄዳል። ከመታጠቡ በፊት መርፌና ነጭ ክር ይዛችሁ በታችኛው ጠርዝ አጠገብ እጥፎቹን ሁሉ በሰፊ ስፌት ያያይዟቸው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሳትጠመዝዙ እጠቡት፣ በወገቡ ስቀሉት፣ ሲደርቅ ክሩን ምዘዙት። እጥፎቹ በቦታቸው ይገኛሉ።

ለጨርቅ ሱሪ አያቶቻችን የሚያውቁት የፍራሽ ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ሱሪው ትንሽ እርጥበት እያለው በመስመሩ አጣጥፋችሁ ከላይና ከታች ንጹሕ ጨርቅ አልብሱትና በፍራሹና በአልጋው ጣውላ መሐል አሳድሩት። ጋዜጣ ብታደርጉ ቀለሙ ይለቃል። አልጋው በሽቦ የተሠራ ከሆነ ከሥሩ ካርቶን አስገቡ፣ አለበለዚያ የሽቦው ጥልፍልፍ ሱሪው ላይ ይታተማል።

ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ በእጅ የተሸመኑ ስለሆኑ ክራቸው ልል ነው፤ ሲጠመዘዙ ድርና ማጉ ይዛባል፣ ጥለቱም ይኮማተራል። በፎጣ ተጭነው ውኃቸው ይውጣ። ነጠላውን ገና እርጥብ እያለ ሁለት ሰው አራቱን ማዕዘን ይዞ ቀስ እያለ ይወጥር፤ መጀመሪያ በርዝመቱ፣ ቀጥሎ በወርዱ፣ ከዚያ በሰያፍ። ጥለቱን በጣት እያስተካከላችሁ ገመድ ላይ በሁለት አጥፋችሁ አስጡት። ሲደርቅ ታጥፎ ፍራሽ ሥር አንድ ሌሊት ካደረ ለቤተ ክርስቲያን የሚያሳፍር አይሆንም። ቀሚሱ መተኮስ ካለበት ጥልፉ ወደ ታች ሆኖ ፎጣ ላይ ይተኛና ከጀርባው ይተኮስ። የሚያብረቀርቅ ክር ያለበት ጥለት ሙቀት ስለማይችል በዝቅተኛው ሙቀት፣ ጨርቅ ጣል ተደርጎበት ብቻ ይነካ።

ሲገዛና ሲሰፋ

ጨርቅ ስትመርጡ አንዱን ጥግ በጡጫችሁ ጨብጣችሁ እስከ አሥር ቁጠሩና ልቀቁት። መስመሩ ወዲያው ከጠፋ ካውያ አያስቸግራችሁም፤ እንደተጨማደደ ከቀረ በየሳምንቱ እንደምትከፍሉለት እወቁ። ለዩኒፎርም ሸሚዝ ከፖሊስተር 65 በመቶ፣ ከጥጥ 35 በመቶ የሆነው ድብልቅ ይስማማል። ንጹሕ ጥጥ ለቆላው ሙቀት ይመቻል፣ ግን ይጨማደዳል። ለልብስ ሰፊው ሁለት ነገር ንገሩት፤ ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት ውኃ ያስነካው፣ የፕሊሴውን እጥፍ ደግሞ ከወገቡ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች ይስፋው። ይህ ስፌት የእጥፉን ግማሽ ለዘለቄታው ይይዛል።

የቀረውን መተኮስ

የቀረው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንድ ላይ ይተኮስ። ካውያው በየቀኑ ለአንድ ሸሚዝ ሲሰካ ከባዶ እየሞቀ መብራት ይበላል። ከዝቅተኛው ሙቀት ጀምሩ፤ በአንድ ነጥብ ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ በሁለት ነጥብ ድብልቅና ሱፍ፣ በሦስት ነጥብ ጥጥ። ካውያ ለመሞቅ ፈጣን፣ ለመብረድ ዘገምተኛ ስለሆነ ተራው ሲገለበጥ ፖሊስተሩ ይቃጠላል። የደረቀ ጥጥ ከሆነ ከመተኮሱ 10 ደቂቃ በፊት ውኃ እርጩበትና ጠቅልሉት፤ የግማሽ ሊትር የውኃ ላስቲክ ክዳኑ በመርፌ ስድስት ቦታ ሲበሳ ጥሩ መርጫ ይሆናል። ጥቁር ልብስ ከጀርባው ይተኮስ፣ አለበለዚያ ያብለጨልጫል። እድፍ ያለበትን አትተኩሱ፤ እድፉ በሙቀት ይጸናል።

ደጋው ላይ ተማሪው ከሸሚዙ በላይ ሹራብ ይለብሳል። እንግዲያው የሚታየው ኮሌታው፣ የደረቱ ላይኛ ክፍልና የእጅጌው ጫፍ ነው። እነሱን ብቻ ተኩሱ፤ 5 ደቂቃው ወደ 2 ይወርዳል። ልጁ ሹራቡን ቢያወልቅ እንኳ በደንብ የተሰጣ ሸሚዝ ጀርባው አያሳፍርም።

የከሰል ካውያ የምትጠቀሙ ከሆነ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥላችሁ ጭሱ ካለቀ በኋላ አስገቡት፤ አመዱን አራግፋችሁ ግርጌውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ በርም ክፍት ይሁን። በኤሌክትሪክ ካውያ ስትተኩሱ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሌላ ሥራ ከመያዛችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ፣ ካውያውንም አቁሙት። ጨርቅ ላይ ተኝቶ የተረሳ ካውያ ሰው በሌለበት መብራት ሲመጣ ቤት ያቃጥላል።